የአማርኛ ቅኔን ሰምና ወርቅ ፈልቅቆ ማውጣት፦ ከንባብ እስከ ፍቺ ደረጃ በደረጃ

ሁለት ስንኝ ግጥም ይሰጣል። አንባቢው አንድ ጊዜ በዓይኑ ያልፍበታል፤ አንድ ቃል ይስበዋል፤ ወዲያው «ወርቁ (የተሸሸገው ፍቺ) ስለ ፍቅር ነው» ብሎ ይጽፋል። ተሳስተሃል ሲባል ደግሞ «ቅኔ ለሊቃውንት ነው እንጂ ለእኛ አይደለም» ብሎ ይተወዋል። ይህ ያሳዝነኛል። አንባቢዎች ሲሰናከሉ ደጋግሜ ያየሁት በቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ሰሙን (ላይ ላዩን የሚለውን) ሳይጨርሱ ወደ ወርቁ ይዘላሉ፤ ያገኙትን ወርቅ ደግሞ በሙሉው ግጥም ላይ ሳይፈትኑ ይቀበላሉ።

ይህ መመሪያ በአማርኛ ግጥምና በአጭር ልብ ወለድ ውስጥ የተሸሸገ ሐሳብን ለማውጣት ነው። የግእዝ ቅኔ ሰዋስዉን የሚያስተምር መምህር ይፈልጋል፤ እዚህ አልገባበትም። ምሳሌዎቹን ለመለማመጃ ብዬ ያዘጋጀኋቸው እኔ ነኝ። መልሳቸውን ሌላ ቦታ አታገኙትምና ከእኔ ጋር አብራችሁ ሥሩት።

ከመጀመራችሁ በፊት

ወረቀትና እርሳስ ያዙ። ግጥሙን በእጃችሁ ገልብጡት፤ በስንኞቹ መካከል ሰፊ ቦታ ተዉ። ስልክ ላይ እያዩ ቅኔ መፍታት ከባድ ነው፤ ዓይን ይሮጣል፤ ምልክት ማድረጊያም የለም።

አንድ የአማርኛ መዝገበ ቃላት አጠገባችሁ ይኑር። በ1993 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታተመው ለጀማሪ ይመቻል። የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት (1962 ዓ.ም.) ለቆየ ቃልና ለገጠር አነጋገር እጅግ ይጠቅማል፤ ነገር ግን ቃላቱ በአበገደ ተራ ነው የተደረደሩት። በሀለሐመ ፈልጋችሁ ስታጡት «የለም» ብላችሁ አትዝጉት።

ሦስተኛው ነገር የሚያዳምጣችሁ ሰው ነው። በተለይ አማርኛን በውጭ አገር ከመጽሐፍ የተማራችሁ ከሆነ ይህ ግዴታችሁ ነው። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም፤ የቅኔው ግማሽ ምሥጢር ደግሞ እዚያ ላይ ነው። ለእናት፣ ለአያት፣ ለጎረቤት በስልክም ቢሆን አንብቡላቸው፤ እነርሱም መልሰው እንዲያነቡላችሁ ጠይቁ።

ደረጃ 1፦ ጮክ ብላችሁ አንብቡ፤ ዕረፍቱን ያዙ

የምንሠራበት የመጀመሪያው ግጥም ይህ ነው።

ጠላው ተጠመቀ ዳቦው ተደፋና፣
አንቺን ስጠብቅሽ እኔ ቤት ነው ገና።

ሦስት ጊዜ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት። ከዚያ በእያንዳንዱ ስንኝ መካከል ትንፋሽ የምትወስዱበትን ቦታ በእርሳስ ቁረጡ። እዚህ ላይ «ተጠመቀ» እና «ስጠብቅሽ» ካሉ በኋላ ነው። እያንዳንዱ ሐረግ ስድስት ቀለም (በአንድ ትንፋሽ የሚሰማ የድምፅ ክፍል) አለው፤ ይህ የወል ቤት የሚባለው ምጣኔ ነው። አምስት አምስት ሲሆን ሰንጎ መገን ይባላል፤ አራት አራት ሲሆን ቡሄ በሉ።

ቀለም መቁጠር ለምን ያስፈልጋል? ዕረፍቱን ካልያዛችሁ የአንዱን ሐረግ ቃል ከሌላው ጋር ታገናኙና ገጣሚው ያላለውን ታነባላችሁ። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ቁጥሩ የሚሞላው ቃሉ ጠብቆ ወይም ሳድሱ ተውጦ ሲነበብ ብቻ ነው፤ ያኔ ምጣኔው ራሱ ንባቡን ይነግራችኋል።

ካልሠራ፦ ቀለሙ እኩል አልሆን ካላችሁ መጀመሪያ የገለበጣችሁትን ከዋናው ጋር አስተያዩ። አንድ «ው» ወይም «ን» ጥላችሁ ይሆናል። ቤት የማይመታ አዲስ ግጥም ከሆነ ቆጠራውን ተዉትና በሐሳቡ ዕረፍት ሂዱ።

ደረጃ 2፦ ሰሙን በተራ አማርኛ ጽፋችሁ ጨርሱ

ላይ ላዩን የሚለውን በስድ ንባብ ጻፉት። ምንም ምሥጢር አትፈልጉ። ማን ምን አደረገ፣ የት፣ መቼ የሚለው ብቻ ይበቃል።

«ጠላ ተጠምቋል፣ ዳቦ ተደፍቷል፤ አንቺን እየጠበቅሁ ነው፤ እኔ ቤት የገና በዓል ነው።»

ይህን ዓረፍተ ነገር ሳትጽፉ ወደሚቀጥለው ደረጃ አትለፉ። «ገብቶኛል» ማለት አይበቃም። ስትጽፉት የማታውቁት ቃል ራሱን ያጋልጣል፤ ለማን እንደተነገረም ይለያል። እዚህ ላይ «አንቺ» የምትለዋ ሴት መኖሯን፣ ተናጋሪውም ደጋሹ መሆኑን በግልጽ አስፍራችኋል።

ማስጠንቀቂያ፦ ሰሙ ለራሱ ሙሉ ትርጉም ሊሰጥ ይገባል። የጻፋችሁት ስድ ንባብ ትርጉም ካልሰጠ ገና አላነበባችሁትም። የደፈረሰውን ሁሉ «ቅኔ ነው» ብሎ ማለፍ ትልቁ ወጥመድ ነው።

ደረጃ 3፦ ኅብረ ቃሉን አድኑ

ኅብረ ቃል ማለት ሰሙንም ወርቁንም በአንድነት የተሸከመው ቃል ነው። ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ስንኝ ውስጥ ይውላል፤ ቤት መምቻው ላይ ወይም ከማሰሪያ አንቀጹ አጠገብ። ከዚያ ጀምራችሁ ወደ ኋላ ተመለሱ። እያንዳንዱን ቃል በሚከተሉት አራት ጥያቄዎች ፈትኑት።

ሀ) ቢጠብቅ ወይም ቢላላ ይለወጣል?

ከሁሉ አስቀድማችሁ ይህን ጠይቁ፤ ፍሬው ብዙ ነው። «ገና» ሲጠብቅ በዓሉ ነው፤ ሲላላ «እስካሁን አልደረሰም» ነው። «ዋና» ሲላላ ውኃ ውስጥ የሚዋኙት ነው፤ ሲጠብቅ ዐቢይ፣ ቀዳሚ ማለት ነው። «ለምን» ላልቶ ይጠይቃል፤ ጠብቆ ልመና ያዝዛል። «ሽፍታ» ወንበዴም ነው፣ ቆዳ ላይ የሚወጣም ነው። «ይመታል» ሲላላ መቺው ነው፤ ሲጠብቅ ተመቺው። የሚጠብቀውን ፊደል አናት ላይ ነጥብ አድርጉበት፤ ሁለቱን ንባብ ጎን ለጎን ጻፉ።

ለ) ቅጥያ ተጣብቆበት ይሆን?

ይህንን ግጥም ተመልከቱ።

ጎተራው ቢራቆት ዘር አጥቶ በሰኔ፣
በሬን ደበደበ ገበሬው ወገኔ።

«በሬ» የሚያርሰው እንስሳ ነው። «በር» የሚለው ስም ላይ «የእኔ» የሚለው ቅጥያ ሲገባበትም «በሬ» ይሆናል፤ የእኔ በር ማለት ነው። ፊደሉ አንድ ሆኖ ድምፁ ትንሽ ይለያል፤ የእኔ በር ሲሆን «ሬ» ይጠብቃል። እንዲሁም «አለም» ስትሰሙ ዓለም ነው ወይስ «አለ» ላይ «ም» ተጨምሮበት ነው ብላችሁ ጠይቁ። ቃሉን ሰንጥቁት፤ ከጎረቤቱ ጋርም ግጠሙት።

ሐ) ሆሄው ቢለወጥስ?

«ድኅነት» መዳን ነው፤ «ድህነት» ማጣት ነው። «ሠረቀ» ወጣ፣ ፈነጠቀ ማለት ነው፤ «ሰረቀ» ሌብነት ነው። የኋለኞቹ ሁለቱ በድምፅ አንድ ናቸው፤ የፊተኞቹ ግን «ድህነት» ላይ «ነ» ስለሚጠብቅ ትንሽ ይለያሉ። ገጣሚው አንዱን ብቻ ስለሚጽፍ ሌላውን የሚያገኘው ጆሯችሁ ነው። በዛሬ ጽሑፍ ሞክሼ ሆሄያት እንደ ልብ ስለሚቀያየሩ በሆሄው ብቻ ተማምናችሁ «ይህ እንጂ ያ አይደለም» አትበሉ።

መ) ቃሉ እንዲሁ ሁለት ፍቺ አለው?

«ጠላ» መጠጥ ነው፤ «ጠላ» ደግሞ የወደደ ተቃራኒ ነው። ድምፁም ጽሕፈቱም አይለወጥም። መዝገበ ቃላቱን የምትከፍቱት ለዚህኛው ነው።

ካልሠራ፦ አራቱንም ጠይቃችሁ ምንም ካልወጣ ለሚያዳምጣችሁ ሰው አንብቡለትና የት ላይ ፈገግ እንዳለ ተመልከቱ። ያም ካልሆነ ግጥሙ ኅብር ላይሆን ይችላል፤ ወደ ደረጃ 5 ሂዱ።

ደረጃ 4፦ ወርቁን በእያንዳንዱ ቃል ላይ ፈትኑት

ጊዜያችሁን የምታጠፉት እዚህ ነው። የተቀረው ሁሉ ለዚህ መንደርደሪያ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሁለተኛውን ፍቺ ኅብረ ቃሉ ቦታ ላይ አስገቡ። ግጥሙን ከመጀመሪያው ቃል ጀምራችሁ በዚያ ፍቺ አንብቡ። በእያንዳንዱ ቃል አናት ላይ ቃሉ ከወርቁ ጋር ከሄደ «✓»፣ ካደናቀፈ «✗» አድርጉ።

የበሬውን ግጥም እንፈትን። ሰሙ፦ «ሰኔ ሲገባ ጎተራው ባዶ ሆኖ ዘር አጣ፤ ገበሬው ወገኔ በሬን ደበደበ።» ቃል በቃል ትክክል ነው፤ ግን አንድ ነገር ይከነክናል። ዘር ያጣ ሰው በሬውን ለምን ይደበድባል? በሬው ምን አጠፋ? ሰኔ የዘር ወር ነው፤ ያለ ዘር በሬ ቢመቱት እርሻ አይወጣም። ይህን ዓይነቱን መከንከን አትለፉት። ሰሙ ይቆማል፤ ነገር ግን ትንሽ ያነክሳል፤ የሚያነክስበት ቦታም ወደ ወርቁ የሚያስገባው በር ነው።

አሁን «የእኔ በር» የሚለውን አስገቡ። «ዘር ያጣው ገበሬ በሬን ደበደበ፤ እርዳኝ ብሎ መጣ።» ጎተራው ቢራቆት፦ ምክንያቱ ሆነ ✓። ዘር አጥቶ፦ የሚለምነው ነገር ሆነ ✓። በሰኔ፦ የጭንቁ ሰዓት ሆነ ✓። ደበደበ፦ በር መደብደብ የተለመደ አነጋገር ነው፤ የቸኮለና የተጨነቀ ሰው አያንኳኳም፣ ይደበድባል ✓። ወገኔ፦ ይህን ቃል ልብ በሉት። በሰሙ ውስጥ ሥራ አልነበረውም፤ ቤት መምቻ ብቻ ይመስል ነበር። በወርቁ ግን ሰውየው ወደ እኔ በር የመጣበት ምክንያት እርሱ ነው ✓። በሰሙ ሥራ ፈትቶ የነበረ ቃል በወርቁ ሥራ ካገኘ በትክክለኛው መንገድ ላይ ናችሁ።

አሁን ደግሞ የተሳሳተ ወርቅ እንዴት እንደሚወድቅ እዩ። በመጀመሪያው ግጥም ብዙ አንባቢ የሚይዘው «ተጠመቀ» የሚለውን ነው። «ጠላ ተጠመቀ ማለት መጠጡ ነው፤ ወርቁ ግን ጥምቀት ነው፤ ጠላ ደግሞ የጠላኝ ሰው ነው፤ ስለዚህ ጠላቴ ተጠምቆ ንስሐ ገባ» ይላል። ቃሎቹ በእርግጥ ሁለት ሁለት ፍቺ አላቸው። ግን ፈትኑት። «ዳቦው ተደፋና» በዚህ ንባብ ምን ይሆናል? ✗። «አንቺን ስጠብቅሽ» ማንን? ✗። «ገና» ✗። ሦስት ቦታ ተሰነካከለ፤ ጣሉት። አንድ ቃል ሁለት ፍቺ ስላለው ብቻ ኅብረ ቃል አይሆንም። አማርኛ ውስጥ ሁለት ፍቺ ያለው ቃል ብዙ ነው።

«ገና»ን አላልታችሁ ፈትኑ። «ጠላው ደርሷል፣ ዳቦው ተደፍቷል፤ አንቺን ስጠብቅ እኔ ቤት ገና ነው።» ሁሉም ተዘጋጅቶ ምንም አልተጀመረም፤ ምክንያቱም አንቺ አልመጣሽም። ሁሉም ቃል ያልፋል። «ነው» ከ«ገና» በፊት መምጣቱ ቤት ለመምታት ነው፤ ሐሳቡን አይነካውም።

ካልሠራ፦ አንድ ✗ ብቻ ከቀራችሁ ወርቁን ከመጣላችሁ በፊት ያንን ቃል በመዝገበ ቃላት ፈልጉት። የማታውቁት የገጠር ፍቺ ሊኖረው ይችላል። ሁለትና ከዚያ በላይ ✗ ካለ ግን አትሟገቱ፤ ወደ ደረጃ 3 ተመለሱ።

ደረጃ 5፦ ሰሙና ወርቁ ሁለቱም ተጠርተው ሲመጡ

አንዳንድ ግጥም ምንም አይሸሽግም። ሰሙንና ወርቁን ጎን ለጎን ያቆማቸዋል።

ስደት ጎርፍ ወሰደው ልጄን ቡቃያዬን፣
ምን ላልብስ እንግዲህ የዕድሜ ማሳዬን?

እዚህ ኅብረ ቃል ስትፈልጉ ብትውሉ አታገኙም። የሚሠራው ጥንድ ማውጣት ነው። ወረቀቱን በሁለት ክፈሉትና አስቀምጡ፦

ሰም፦ ጎርፍ። ወርቅ፦ ስደት።
ሰም፦ ቡቃያ። ወርቅ፦ ልጅ።
ሰም፦ ማሳ። ወርቅ፦ ዕድሜ።

ጥንዶቹ የተጣመሩበት መንገድ እንደሚለያይ አስተውሉ። «ስደት ጎርፍ» እንዲሁ ተጎራብተዋል፤ «ልጄን ቡቃያዬን» አንዱ ሌላውን ይተካል፤ «የዕድሜ ማሳ» በ«የ» ታስሯል። ሦስቱንም መልክ ዓይናችሁ ይልመዳቸው።

ቀጥላችሁ የሰሙን ዓምድ ብቻ አንብቡ፦ «ጎርፍ ቡቃያዬን ወሰደው፤ ማሳዬን ምን ላልብስ?» ሙሉ ሥዕል ነው። የወርቁን ብቻ አንብቡ፦ «ስደት ልጄን ወሰደው፤ ዕድሜዬን ምን ላልብስ?» «ወሰደ» ለሁለቱም ያገለግላል። «ላልብስ» ግን ቆም ብላችሁ እዩት። ማሳ ቡቃያ ይለብሳል፤ ይህ የገበሬ አነጋገር ነው። ዕድሜ ምን ይለብሳል? ያረጀ ወላጅን የሚያጎርስና የሚያለብስ ልጅ ነው። ግሡ በሰሙ እርሻ ነው፤ በወርቁ ጧሪ ማጣት ነው። በዚህ ዓይነት ግጥም ፍቺ የሚሰምረው ስሞቹን ስታጣምሩ ሳይሆን ግሡ በሁለቱም ወገን ምን እንደሚሠራ ስታሳዩ ነው። አብዛኛው መልስ ግን ጥንዶቹን ዘርዝሮ ያቆማል።

ካልሠራ፦ አንዱ ሰም ያለ ወርቅ ከቀረ ወርቁ በዝምታ ታልፎ ይሆናል። ከሌሎቹ ጥንዶች ገምቱት፤ ነገር ግን በመልሳችሁ ላይ «አልተጠራም» ብላችሁ አመልክቱ።

ደረጃ 6፦ ፍንጭ ከሌለ ተናጋሪውን ጠይቁ

ፈረሱን አጠጣው ልጄ ገብሱን ስጠው፣
መንገዱ ሩቅ ነውና ቀኑ እንዳያመልጠው።

ድርብ ቃል የለም፤ ጥንድም የለም። ደግ አባት ልጁን የእንግዳ ፈረስ እንዲንከባከብ ያዝዛል። እንግዳው ብዙ ቀን ተቀምጦ ጓዳው እንደ ተራቆተ ካወቃችሁ ግን ንግግሩ ሌላ ነው፦ «ተነሥተህ ሂድልኝ።» ውስጠ ወይራ እንዲህ ያለው ነው። ቁልፉ ከግጥሙ ውጭ፣ በተነገረበት አጋጣሚ ላይ ነው ያለው።

ስለዚህ ሦስት ጥያቄ መልሱ፦ ማን ተናገረ? ማን እየሰማ? ምን ሲሆን? ሙሾ፣ ቀረርቶ፣ የእንጉርጉሮ ግጥም ሲያጋጥማችሁ እነዚህን ሳትመልሱ ፍቺ አትጀምሩ። በለቅሶ ቤት የሟችን ደግነት የሚያነሣ ስንኝ ቆሞ የሚሰማውን ወንድም ሊወቅስ ይችላል።

ማስጠንቀቂያ፦ አጋጣሚው በጽሑፉ ካልተነገረ ወይም በቂ ማስረጃ ከሌለ ከራሳችሁ አትፍጠሩ። «ሊሆን ይችላል» ብላችሁ ጻፉ፤ ያ ሐቀኛ ፍቺ ነው።

ደረጃ 7፦ ዘይቤውን መጨረሻ ላይ ሰይሙ

ብዙ ተማሪ በስም ይጀምራል፦ «ተለዋጭ ዘይቤ ነው» ይልና ያቆማል። ስሙ ብቻውን ምንም አያስረዳም። መጀመሪያ ንግግሩ ምን እንደሠራ ግለጹ፤ ከዚያ ስሙን ለጥፉ።

ተነጻጻሪ ዘይቤ አንዱን ነገር ከሌላው ጋር በግልጽ ያስተያያል፤ «እንደ»፣ «ይመስል»፣ «ያህል» ምልክቶቹ ናቸው። ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል፤ «እንደ ነገርኩህ»፣ «እንደ መጣ ሄደ» ውስጥ «እንደ» ቢኖርም ንጽጽር የለም። ተለዋጭ ዘይቤ ምልክቱን ጥሎ አንዱን በሌላው ይጠራል። ሰውኛ ዘይቤ ሰው ላልሆነው የሰው ጠባይ ይሰጣል። እንቶኔ የሌለውን፣ የሞተውን ወይም ግዑዙን እንደሚሰማ አድርጎ ያናግራል፤ ስለዚህ ሰውኛና እንቶኔ በአንድ ስንኝ ሊገናኙ ይችላሉ፤ ሁለቱንም መጥራት ስሕተት አይደለም። ግነት ከልክ ያሳልፋል። አያዎ የሚጣሉ ሐሳቦችን ያስታርቃል።

ሌላው ወጥመድ ፈሊጥ ነው። «ሆዴ ባባ»፣ «ልቡ ተሰበረ»፣ «እጁ ረጅም ነው» ሁላችንም የምንናገራቸው ናቸው፤ የገጣሚው ፈጠራ አይደሉም። እነዚህን እንደ ልዩ ዘይቤ አትቁጠሩለት። ገጣሚው ፈሊጡን ሰብሮ አዲስ ነገር ካደረገበት ብቻ አንሡት፤ ለምሳሌ «ልቤ ተሰበረ» ብሎ ስብርባሪውን ሲለቅም ካሳየ።

ደረጃ 8፦ ልብ ወለድ ሲሆን ዕቃውን ተከተሉ

በአጭር ልብ ወለድ ሰምና ወርቅ የሚፈልግ አንባቢ ግራ ይጋባል። እዚህ የምትከተሉት ትእምርትን ነው፤ ራሱንም ሆኖ ሌላ ሐሳብ የሚወክል ነገር። ይህን አንብቡ።

«እናትየው ረከቦቱ ላይ አራት ሲኒ ደረደሩ። ሳሎን የተቀመጡት ግን ሦስት ነበሩ። አቦል ተቀዳ፤ አራተኛው ሲኒ ባዶውን ቆየ። ሠራተኛዋ ልታነሣው እጇን ስትዘረጋ ‹ተይው› አሏት። በሳምንቱ ደብዳቤ መጣ። በማግስቱ ቡና ሲፈላ ረከቦቱ ላይ ሦስት ሲኒ ብቻ ነበር።»

ትእምርቱ የትኛው ነው? ብዙዎች «ቡና የባህላችን ምልክት ነው» ይላሉ። ይህ ከታሪኩ ውጭ የሚያውቁትን ማምጣት ነው። በዚህ ምንባብ ውስጥ ቡናው ሥራ ላይ ያለ መጠጥ ብቻ ነው። አንድ ዕቃ ትእምርት ለመሆኑ ሦስት ማስረጃ ጠይቁ። ከአንድ ጊዜ በላይ ይመጣል? ሰዎች ከተለመደው በላይ ትኩረት ይሰጡታል? መጨረሻ ላይ ይለወጣል? አራተኛው ሲኒ ሦስቱንም ያልፋል፤ ይደገማል፣ እናትየው «ተይው» ብለው ይከላከሉለታል፣ ከደብዳቤው በኋላ ይጠፋል። ደብዳቤው ምን እንደሚል አልተጻፈም፤ ሲኒው ነገረን። የሚጠበቀው ሰው ከእንግዲህ አይመጣም፤ ተስፋውም አብሮት ተነሥቷል።

እንፋሎቱንስ፣ ከሰሉንስ፣ ቄጤማውንስ አትበሉ። ምንባቡ ውስጥ የሉም።

ምጸትን ለመያዝ ቃሉን ከድርጊቱ ጋር አስተያዩ። «መንገዱ በተመረቀ በሳምንቱ ጎርፍ ወሰደው። የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ ‹እንዴት ያለ ጠንካራ ሥራ ነው!› አለ።» ቃሉ ያመሰግናል፤ ድርጊቱ ይከስሳል። ሁለቱ ሲጣሉ ድርጊቱን እመኑ።

ደረጃ 9፦ መልሱን ጻፉ

ለፈተናም ሆነ ለራሳችሁ ማስታወሻ በዚህ ቅርጽ አስፍሩ።

ኅብረ ቃል፦ ገና
ሰም፦ ጠብቆ ሲነበብ የገና በዓል፤ ቤቱ በድግስ ላይ ነው።
ወርቅ፦ ላልቶ ሲነበብ እስካሁን አልደረሰም፤ የምትጠበቀዋ ስላልመጣች ድግሱ አልተጀመረም።
ማስረጃ፦ «ስጠብቅሽ» የሚለው ቃል።

ከዚያ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሩ፦ ሁለቱ ፍቺዎች ተገናኝተው ምን ፈጠሩ? እዚህ ቤቱ በዓል ይመስላል፤ ለባለቤቱ ግን በዓሉ አልገባም። ይህን ዓረፍተ ነገር ያልጻፈ ሰው ቃል ፈትቷል እንጂ ግጥሙን አልፈታም።

ሲቸግራችሁ

ሁለት የተለያዩ ወርቆች ሁለቱም ፈተናውን ካለፉ፦ ሁለቱንም ጻፉ፤ ✓ የበዛለትን አስቀድሙ። ጥሩ ቅኔ አንዳንዴ ሁለት ወርቅ ይይዛል፤ አንዱን መጣል ግዴታ አይደለም።

ወርቁ ሁልጊዜ ስለ ፍቅር ወይም ስለ መንግሥት ከሆነባችሁ፦ ግጥሙን ሳይሆን የራሳችሁን ሐሳብ እያነበባችሁ ነው። ደረጃ 4ን ያለ ምሕረት ድገሙት።

ሰሙ አልገባ ካለ፦ የሥራውን ሰው ጠይቁ። የእርሻ ቃል ለገበሬ፣ የሽመና ቃል ለሸማኔ ግልጽ ነው። ሞፈርና ድግርን ያልለየ ሰው የእርሻ ቅኔ ወርቅ አያገኝም።

መምህሩ የሰጠው ፍቺ ከእናንተ ከተለየ፦ በ✓ እና በ✗ የሞላ ወረቀታችሁን አሳዩ። ክርክሩ በአስተያየት ላይ መሆኑ ቀርቶ በቃላቱ ላይ ይሆናል።

አሁን በራሳችሁ

የተለያየውን ገጥሞ አንድ ያደርጋል፣
ሀገሬ ሰፊ ነው ሁሉንም ያስጠጋል።

ከታች ያለውን ሳታዩ ከደረጃ 1 እስከ 9 ሂዱበት።

ኅብረ ቃሉ «ሰፊ» ነው። ጠብቆ ሲነበብ የሀገር ስፋት ነው፤ ሁሉንም ይችላል፣ ያስጠልላል። ላልቶ ሲነበብ ልብስ የሚሰፋው ሰው ነው፤ ቁርጥራጩን ይገጥማል፣ ጠርዙን ከጠርዝ ያስጠጋል። «ገጥሞ» በሰሙ ትንሽ አነከሰባችሁ? ስፋት ብቻውን አይገጥምም፤ ሰፊ ግን ይገጥማል። «ያስጠጋል» ደግሞ በሰሙ መጠለያ መስጠት ነው፤ በወርቁ ጨርቅን ከጨርቅ ማቀራረብ። «የተለያየውን» የሚለውን ደግሞ ለብቻው ፈትኑት፤ አንዱ ንባብ ዓይነቱ የተለያየውን ይላል፣ ሌላው አንድ የነበረና የተለያየውን።